ከስንት ርቀት ይታያል? የትልቅ ፎቶግራፍ ሕትመት ታሪክ

ፎቶግራፉን በትልቁ ለማሳተም የሚፈልግ ሰው ዛሬ ቀድሞ የሚጠይቀው ወይም የሚጠየቀው «ካሜራው ስንት ሜጋፒክሰል ነው?» የሚል ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ይወጣዋል፣ ዝቅ ካለ ግን ከአልበም ገጽ አያልፍም ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት ከካሜራ ማስታወቂያ ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ሐሰት ነው ባይባልም እውነትነቱ ግማሽ ነው። ፎቶግራፍን አጉልቶ የማተም ሙያ ከዲጂታል ካሜራ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ባለሙያዎቹ ደጋግመው የደረሱበት ነገር አለ፤ የትልቅ ሕትመት ጥራት በካሜራው ብቻ አይወሰንም። ካሜራው የያዘው ዝርዝር፣ ሥዕሉ የሚታይበት ርቀት እና የአታሚው ሥራ ሲጣጣሙ ነው ጥራት የሚገኘው። ከሦስቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ሌሎቹን ግን የሚለካቸው፣ ርቀቱ ነው። የሙያውን ታሪክ ስንከተል ይህ ሐሳብ እንዴት እንደተገኘ፣ እንዴት እንደተረሳ፣ እንደገናም እንዴት እንደሚያስፈልግ እናያለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ይፋ ሲሆን ማጉላት የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በፈልሳፊው ዳጌር ስልት ምስሉ የሚቀረጸው በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ሲሆን ሰሌዳው ራሱ ሥዕሉ ነበር። በኋላ የመስታወት ኔጌቲቭ ሲመጣም ኔጌቲቩ በወረቀት ላይ ተለጥፎ ለፀሐይ ይሰጥ ስለነበር ሕትመቱ ከኔጌቲቩ አይበልጥም። ስለዚህ ትልቅ ሥዕል የፈለገ ትልቅ ካሜራ ማሠራት ነበረበት። ካርልተን ዋትኪንስ በ1861 ወደ ካሊፎርኒያው የዮሰሚቲ ሸለቆ የዘለቀው 46 በ56 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ የመስታወት ሰሌዳዎችን የሚቀበል ካሜራ በበቅሎ አስጭኖ ነው። የእሱ ሥዕሎች ሸለቆውን አይተው የማያውቁ የምሥራቅ አሜሪካ ሰዎችን አስደነቁ፤ አብርሃም ሊንከን በ1864 ዮሰሚቲ ለሕዝብ ጥቅም እንዲጠበቅ ለፈረመው ሕግ መንገድ ከጠረጉት ነገሮች መካከልም ይቆጠራሉ። የዚህ አስተሳሰብ ጫፍ የታየው በ1900 ነው። የቺካጎው ጆርጅ ሎረንስ የአንድን ባቡር ሙሉ ምስል በአንድ ሰሌዳ ለማንሣት 2.4 በ1.4 ሜትር የሚያህል መስታወት የሚይዝ ካሜራ ሠራ። ካሜራው ከሰሌዳ መያዣው ጋር 1400 ፓውንድ፣ ማለትም 635 ኪሎ ግራም ያህል፣ ይመዝን ስለነበር የሚንቀሳቀሰው በባቡር፣ የሚሠራውም በብዙ ሰዎች ጉልበት ነበር። ሕትመቶቹ በዚያው ዓመት ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት ተላኩ።

በዚያ ዘመን «ትልቅ ካሜራ ከሌለ ትልቅ ሥዕል የለም» ማለት የሞኝ አስተያየት አልነበረም። የማጉላት ሙከራ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። የባልቲሞሩ ዴቪድ ውድዋርድ በ1857 የፀሐይን ብርሃን በመስተዋትና በሌንስ ሰብስቦ ኔጌቲቭን በትልቅ ወረቀት ላይ የሚያሳርፍ መሣሪያ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ነገር ግን የጊዜው ወረቀት ለብርሃን ደንዳና ስለነበር ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፤ ፀሐይዋም በሰማይ ላይ ስለምትንቀሳቀስ መሣሪያው እየተከተላት መዞር ነበረበት። የሚወጣው ምስል ደብዛዛ በመሆኑ ሠዓሊዎች በከሰልና በቀለም ይደርቡበት ነበር። ለውጡ የመጣው ከ1880ዎቹ ወዲህ ለብርሃን ፈጣን የሆነው የጄላቲን ወረቀት ሲስፋፋ ነው። ከዚያ በኋላ በሰው ሠራሽ መብራት፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በደቂቃዎች ማጉላት ተቻለ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ትልቁን ሥዕል ከትልቁ ካሜራ ጥገኝነት ያላቀቀው የካሜራ መሻሻል ሳይሆን የወረቀትና የማጉያ መሣሪያ መሻሻል ነው።

ይህን ዕድል እስከ ጥጉ የተጠቀመበት ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ ነው። የሲኒማ ፊልምን ለፎቶግራፍ ካሜራ አውሎ፣ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ኔጌቲቭ የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ሠራ፤ ላይካ የተባለው ይህ ካሜራ በ1925 ለገበያ ቀረበ። የባርናክ ሐሳብ በአጭሩ ትንሽ ኔጌቲቭ፣ ትልቅ ሥዕል የሚል ነበር። ካሜራውን ያመረቱት ሌይትስ የተባለው የመነጽርና የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ሰዎች ስለሆኑ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ማጉያውንም አብረው ማሰብ ነበረባቸው። የትልልቅ ሰሌዳ ባለሙያዎች ግን በትንሹ ፊልም ተሳለቁ፤ ሲጎላ የብር ቅንጣቶቹ እንደ አሸዋ ይታያሉ አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ቅንጣቶቹ ይታያሉ። ያልጠየቁት ጥያቄ የሚታዩት ከየት ሆኖ ለሚመለከት ሰው ነው የሚለውን ነው።

መልሱን የጋዜጣና የኤግዚቢሽን ሰዎች ሰጡ። በ1955 ኤድዋርድ ስታይከን በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም «የሰው ቤተሰብ» የተባለውን ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ ከ68 አገሮች የተሰበሰቡ 503 ፎቶግራፎችን አቀረበ። ብዙዎቹ በትንሽ ፊልም የተነሡ የመጽሔት ሥዕሎች ሲሆኑ ከፊሎቹ ግድግዳ እስኪሞሉ ድረስ ጎልተው ታትመዋል። ሕትመቱ በፎቶግራፍ አንሺዎቹ እጅ ሳይሆን በአንድ ማዕከል የተሠራ በመሆኑ ትችት አስነሥቷል፤ ረቂቅ ጥላዎች ጠፍተዋል፣ ቅንጣቱም ጎልቷል ተብሏል። ተመልካቹ ግን ከሥዕሎቹ መካከል እየተራመደ፣ ትልቁን ከሩቅ ትንሹን ከቅርብ እንዲያይ ተደርጎ አዳራሹ ስለተሠራ የቅንጣቱ ጉዳይ ስሜቱን አላደፈረሰበትም። እዚህ ላይ ርቀት ድንገት የተገኘ ነገር ሳይሆን ከሕትመቱ ጋር አብሮ የታቀደ የሥራው አካል ሆኗል።

ከሁሉ የሚልቀው ማስረጃ ግን በዚያው ከተማ፣ በግራንድ ሴንትራል የባቡር ጣቢያ ተሰቅሎ ነበር። የኮዳክ ኩባንያ ከ1950 እስከ 1990 ድረስ በጣቢያው ዋና አዳራሽ ምሥራቃዊ ሰገነት ላይ ኮሎራማ የተባለ፣ ከኋላው በመብራት የሚያበራ የቀለም ፎቶግራፍ ያሳይ ነበር። ቁመቱ 18 ጫማ፣ ስፋቱ 60 ጫማ፣ ማለትም 5.5 በ18.3 ሜትር ያህል ነው። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ይቀየር ስለነበር በ40 ዓመታት ውስጥ 565 ሥዕሎች ተሰቅለውበታል። አንድ ወጥ ፊልም ያን ያህል ስለማይሰፋ ምስሉ በረጃጅም ቁራጮች ታትሞ ይገጣጠማል፤ የአንዱ ቁራጭ ቀለም ከጎረቤቱ ትንሽ ከተለየ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 8 በ20 ኢንች የሆኑ ግዙፍ ኔጌቲቮች ሥራ ላይ ይውሉ ነበር። ፊልሙ እየተሻሻለ ሲሄድ ግን በአነስተኛ ካሜራዎች የተነሡትም ተሰቀሉ፤ በመጨረሻም በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተነሣ ሥዕል እዚያ ሰገነት ላይ ወጣ። 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ምስል 18.3 ሜትር ሲሆን 508 ጊዜ ጎልቷል ማለት ነው። ሥዕሉን አፍንጫው ሥር አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር ቅርጽ የለሽ የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ነበር የሚያገኘው። በ84 ሜትር ርዝመት ባለው አዳራሽ የሚያልፈው መንገደኛ ያየው ግን ጥርት ያለ መልክዓ ምድር ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስላት ይቻላል። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ሲደርስ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ፎቶግራፍን በእጅ ይዘን ከምናይበት ከ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይህ ማዕዘን 0.087 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 290 ነጥብ ያህል ማለት ነው። ማተሚያ ቤቶች እንደ ሕግ የሚጠቅሱት «ለአንድ ኢንች 300 ነጥብ» ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል። ያ ቁጥር እንግዲህ የዓይንና በእጅ ይዞ የማየት ርቀት ውል ነው እንጂ የፎቶግራፍ ተፈጥሮ አይደለም። ከአንድ ሜትር ለሚታይ ሥዕል 87 ነጥብ፣ ከሁለት ሜትር 44 ነጥብ፣ ከ10 ሜትር ደግሞ 9 ነጥብ ያህል ይበቃል። በእርግጥ የሰላ ዓይን፣ ጠንካራ ብርሃንና ጥቁርና ነጭ የሆነ ስስ መስመር ከዚህ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ የስሌቱ አቅጣጫ ግን አይለወጥም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚያስፈልገው የነጥብ ብዛት በግማሽ ይወርዳል።

ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ይህ እውቀት ለጥቂት ዓመታት ከመድረክ ገለል አለ። ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች በእጅ ከሚያዝ አነስተኛ ሕትመት አያልፉም ነበር። በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 2000 በ1312 ፒክሰል ይሰጥ ነበር፤ ለአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብንመድብለት 17 በ11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ሜጋፒክሰል መቁጠር ትክክል ነበር፤ ችግሩ ቆጠራው ምክንያቱ ካለፈ በኋላም መቀጠሉ ነው። በ2012 የወጣው ኒኮን ዲ800 7360 በ4912 ፒክሰል ሲሰጥ በዚያው መለኪያ 62 በ42 ሴንቲ ሜትር ሊታተም ቻለ። እዚህ ላይ ማስታወቂያ የማይናገረው ነገር ይታያል፤ የፒክሰሉ ብዛት ከ13 እጥፍ በላይ ሲያድግ የሥዕሉ ጎን ያደገው ከአራት እጥፍ ባነሰ ነው፤ ሜጋፒክሰል የስፋት እንጂ የርዝመት መለኪያ አይደለምና። አሁን ተራ የሆነውን ባለ 24 ሜጋፒክሰል፣ 6000 በ4000 የሆነ ፎቶግራፍ ወደ ኮሎራማው ስፋት ብንወስደው ለአንድ ኢንች ስምንት ነጥብ ያህል ይደርሰዋል። በስሌቱ መሠረት ከ10 ሜትር ተኩል አካባቢ ጀምሮ ለሚያይ ሰው ይህ በቂ ነው። ኮዳክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግዙፍ ካሜራ ያሰማራበት ሥራ ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ባለ ካሜራ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ካሜራው ይህን ያህል ከደረሰ የቀረው ጥያቄ የሕትመቱ ነው፤ በዚህ በኩል ያለው ታሪክ ከሜጋፒክሰሉ ይልቅ የሚያስተምር ነው። ከክሮዝቢ፣ ስቲልስ እና ናሽ የሙዚቃ ቡድን የሚታወቀው ግራሃም ናሽ ፎቶግራፍ ሰብሳቢና አንሺም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከማክ ሆልበርት ጋር በካሊፎርኒያ ማንሃተን ቢች ናሽ ኤዲሽንስ የተባለ ማተሚያ ቤት ከፈተ። የተጠቀሙበት አይሪስ የተባለው ፕሪንተር መጻሕፍትና መጽሔቶች ከመታተማቸው በፊት የቀለም ናሙና ለማውጣት የተሠራ፣ ዋጋው 126,000 ዶላር የሆነ መሣሪያ ነው። ወፍራም የጥበብ ወረቀት እንዲቀበል ለማድረግ መሣሪያውን ቆራርጠው አሻሻሉት። አይሪስ ለአንድ ኢንች የሚያስቀምጠው 300 ነጥብ ብቻ ቢሆንም የእያንዳንዱን ጠብታ መጠን መለዋወጥ ስለሚችል ሽግግሩ ለስላሳ፣ ሥዕሉም ከቁጥሩ በላይ የጠራ ሆኖ ይታይ ነበር። ደካማ ጎኑ ቀለሙ ነው፤ በብርሃን ፊት ቶሎ ይደበዝዛል። በ1993 ስለ ቀለም ፎቶግራፎች ዕድሜ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ሄንሪ ዊልሄልም የነዚህን ሕትመቶች ዕድሜ መለካት ሲይዝ ገበያው ስለ ጥራት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ፤ ሥዕሉ ዛሬ ማማሩ ብቻ ሳይሆን ከ20 ዓመት በኋላም ያው መሆኑ። ኤፕሰን በ2000 በደቃቅ ዱቄት ላይ የተመሠረተ፣ ለብርሃን የሚጸና ቀለም ያለው የፎቶ ፕሪንተር አወጣ፤ በ2002 ደግሞ 112 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት በዚህ ዓይነት ቀለም የሚያትም መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በሌላ በኩል በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው ዱርስት ላምዳ በሌዘር ብርሃን እስከ 127 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ የፎቶ ወረቀት ላይ ዲጂታል ምስልን በቀጥታ ይጽፍ ነበር። ስክሪን ላይ የታየው ቀለም በወረቀቱም እንዲደገም ደግሞ በ1993 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የቀለም ኮንሶርሺየም ካሜራ፣ ስክሪንና ፕሪንተር የሚግባቡበትን የጋራ መለኪያ አወጣ። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱም የፒክሰል ብዛት አልጨመረም፤ ሆኖም ትልቅ ሕትመትን ከሙከራ ወደ አስተማማኝ ሙያ ያሸጋገሩት እነሱ ናቸው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የባቡር ጣቢያ መንገደኛ ከሩቅ ያያል፤ የኤግዚቢሽን ተመልካች ግን ትልቅ ሥዕል ሲያይ ወደ እሱ ይጠጋል ይባላል። እውነት ነው፤ ጀርመናዊው አንድሪያስ ጉርስኪ ዝናውን የገነባው በዚሁ ጠባይ ላይ ነው። በ1999 የሠራው «99 ሴንት» ሁለት ሜትር ቁመትና ከሦስት ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአንድ ርካሽ ሱቅ ምስል ነው። ከሩቅ የቀለም ጥልፍ ይመስላል፤ ሲጠጉት የእያንዳንዱ ዕቃ መጠቅለያ ይነበባል። እንዲህ ላለ ሥራ የ10 ሜትር ስሌት ዋጋ የለውም። ጉርስኪ በትልቅ ፊልም አንሥቶ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባ የነበረው ለዚህ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰዎች አንድን ትዕይንት በተከታታይ ከፋፍለው አንሥተው በሶፍትዌር የሚያገጣጥሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ምሳሌ ደንቡን አያፈርስም፣ ያጸናዋል እንጂ። ጉርስኪ ሥራው ከቅርብም እንዲታይ ስለወሰነ ዝርዝሩን ለዚያ ርቀት አዘጋጀ። ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱ ብቻ ተለየ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአዳዲስ ሶፍትዌሮች ወገን ነው። ፒክሰል ካነሰ ኮምፒዩተር ይጨምረዋል፣ ታዲያ ለምን እንጨነቃለን ይባላል። ፎቶሾፕ በ1990 ከወጣ ጀምሮ በአጠገብ ያሉ ፒክሰሎችን አማካይ እየወሰደ ምስልን የሚያሰፋ ስልት የታወቀ ነው። ያ ስልት ጠርዞች እንደ ደረጃ እንዳይሰባበሩ ያደርጋል፤ አዲስ ዝርዝር ግን አያመጣም። ወጥ ላይ ውሃ ቢጨመር ድስቱ ይሞላል እንጂ ቅመሙ አይበዛም። ከ2014 ወዲህ በተጠኑትና አዶቤ በ2021 ለተራ ተጠቃሚ ባቀረበው ዓይነት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ስልቶች ከዚህ ያልፋሉ፤ ከብዙ ምስሎች በተማሩት መሠረት ሊኖር የሚችለውን ዝርዝር ገምተው ይሞላሉ። ለቅጠል፣ ለድንጋይና ለጨርቅ ይህ ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ለሰው ፊት ግን አደገኛ ነው፤ በግምት የተሞላ ዓይንና የአፍ መስመር የሚመስለው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። የታሪክ ሰነድ ወይም የሟች መታሰቢያ የሆነ ፎቶግራፍ በዚህ መንገድ ሲጎላ የሚገኘው ጥራት የማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ከሩቅ ለሚታይ ሥዕል ደግሞ ግምቱ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል፤ ርቀቱ ራሱ ጎዶሎውን ይሸፍናልና።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ጎን ይመጣል። ርቀት ሁሉን የሚሸፍን ከሆነ ለጥራት መጠንቀቅ ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ርቀት የሚሸፍነው የነጥብ ማነስን ነው፤ የካሜራ መንቀጥቀጥን፣ የተሳሳተ ትኩረትን፣ በብርሃን ተቃጥሎ የነጣ ግንባርን፣ የተዛባ የፊት ቀለምን አይሸፍንም። እነዚህ ከምስሉ ጋር እኩል ስለሚጎሉ በትንሽ ስክሪን ያልታዩት በግድግዳ ላይ ያፈጣሉ። የአገራችን ልማድ ይህን በደንብ ያሳያል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው ከሠሩበት ጊዜ ወዲህ የጎላ ፎቶግራፍ ከክብር ጋር ተያይዞ ኖሯል፤ የሠርግና የምርቃት ሥዕል በሳሎን ግድግዳ ይሰቀላል፣ የሟች ምስል በለቅሶ ላይ ይያዛል። የፎቶ ቤቱ ባለሙያ ኔጌቲቩን በእጁ ይዞ ስለነበር ከምን ተነሥቶ እንደሚያጎላ ያውቅ ነበር። ዛሬ ለማተሚያ ቤት የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ በስልክ ተነሥቶ፣ በመልእክት መተግበሪያ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እየተጨመቀ የመጣ ቅጂ ነው። ረጅም ጎኑ 1280 ፒክሰል የሆነ ምስል በአንድ ሜትር ባነር ላይ ቢታተም ለአንድ ኢንች 33 ነጥብ ያህል ይደርሰዋል፤ ከሦስት ሜትር ለሚያይ ለቀስተኛ ይህ ቁጥር አያንስም። ፊቱን የሚያበላሸው መጭመቁ የተወው ቁርጥራጭና የደፈረሰ ቀለም ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከመላክ ይልቅ እንደ ፋይል መላክ፣ ወይም ዋናውን ከስልኩ በቀጥታ መገልበጥ፣ ካሜራ ከመቀየር የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ለዚህ ነው።

ከዋትኪንስ በቅሎዎች እስከ ዛሬው ባነር ድረስ ያለው መንገድ እንግዲህ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳያል። እያንዳንዱ ዘመን ለትልቅ ሥዕል ያጣውን አንድ ነገር የጥራት ሁሉ ምንጭ አድርጎ ይወስዳል፤ ችግሩ ሲፈታ ግን ሌሎቹ ሁለቱ እንደነበሩ ይገኛሉ። በመስታወት ዘመን የሰሌዳ መጠን፣ በፊልም ዘመን የቅንጣት ደቃቅነት፣ በዲጂታል ዘመን መጀመሪያ ሜጋፒክሰል ይቆጠር ነበር፤ ነገ ደግሞ የሶፍትዌሩ ስም ይቆጠር ይሆናል። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የሥራ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። መጀመሪያ ሥዕሉ የት እንደሚሰቀልና ከስንት ርቀት እንደሚታይ ይወሰን፤ ከዚያ በመነሣት የሚያስፈልገው ነጥብ ይሰላ፤ ዋናው ፋይል ሳይጨመቅ ይቅረብ፤ ከሙሉው ሕትመት በፊት ደግሞ የፊቱ ወይም ዝርዝር የበዛበት ክፍል በእውነተኛው መጠን በትንሽ ወረቀት ታትሞ ከታሰበው ርቀት ይታይ። ይህ የሙከራ ቁራጭ በጨለማ ክፍል ዘመን የማንኛውም አጉሊ የዕለት ልማድ ነበር፤ ወጪው ጥቂት ሳንቲም ሆኖ ሳለ በዲጂታል ዘመን የተተወው ስክሪኑ ሁሉን ያሳየናል ብለን ስላመንን ብቻ ነው። ስክሪን የወረቀቱን መጠንም ሆነ የተመልካቹን ቦታ አያውቅም። እነዚህን ሁለቱን ጠይቆ የሚጀምር ማተሚያ ቤት ከ10 ዓመት በፊት በተገዛ ካሜራ የተነሣን ፎቶግራፍ በክብር ያትማል፤ ሳይጠይቅ የሚጀምር ግን የ100 ሜጋፒክሰል ፋይል ቢሰጠውም ሊያበላሸው ይችላል።